ያደረ መርዶ

ሰቆጣ ውስጥ ምስጋናው ገብረ ኪዳንን የማያውቅ ሰው ቢፈለግ አይገኝም። ሥራው ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ ደግሞ በቅጡ የሚመልስ አይገኝም። «መምህር ነው» ይላል አንዱ፤ እውነቱን ነው፣ ተማሪ ቤት ሙዚቃ ያስተምራል። «ያቺን ቫዮሊን የሚሏትን ሲገዘግዝ ይውላል» ይላል ሌላው፤ እሱም አልዋሸም። ራሱን ከጠየቃችሁት «የሙዚቃ ደራሲ ነኝ» ይላችኋል። ታዲያ ዘፈንህ የታል ሲሉት «ዘፈን አይደለም፣ ተጽፎ ብዙ ሰው አንድ ላይ የሚጫወተው ነው» ብሎ ወረቀቱን ይዘረጋል። ወረቀቱ ላይ መስመርና ነጠብጣብ እንጂ ሌላ የለም። ባለ ባጃጆቹ «ዘፈን የለሹ ዘፋኝ» የሚል ስም አወጡለት። ስቆ አለፋቸው። ያን ጊዜ ገና መሳቅ የሚችል ሰው ነበር።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንነሳ። የተወለደው ፃግብጂ ነው። አባቱ መሪጌታ ገብረ ኪዳን በደብሩ ዜማ የሚያስተምር፣ ድጓው ላይ ከቃሉ በላይ የተደረደሩትን ጥቃቅን የዜማ ምልክቶች ዓይኑን ጨፍኖ የሚያውቅ ሰው ነበር። እናቱ ይታየሽ ደግሞ አልቃሽ ናት። አልቃሽ ስል ዝም ብላ የምታነባ እንዳትመስላችሁ፤ የሦስት አጥቢያ ሰው ሲሞትበት መጀመሪያ ወደ ቄሱ፣ ቀጥሎ ወደ ይታየሽ ነው የሚልከው። በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ ሙሾ ስታወርድ ሟቹን ከነአካሄዱ፣ ከነጠባዩ ታስነሳዋለች፤ ዕድሜ ልኩን የተጣላው ሰው ሳይቀር ደረቱን እየመታ ያለቅሳል። መሪጌታ ይሄን አይወድም ነበር። «ሙት በጸሎት እንጂ በጩኸት አይሸኝም» ይላታል። «አንተ ለእግዜር ንገርለት፣ እኔ ለሰው እነግርለታለሁ፤ ሥራችን ለየቅል ነው» ትለዋለች። እንዲህ እየተባባሉ ሃያ ዓመት በፍቅር ኖሩ።

መሪጌታ ሲሞት ምስጋናው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። ይታየሽ ያን ቀን ለሰው ስታለቅስ ያልተሰማ ዜማ አወጣች። ከሆዷ ይነሳል፣ ቀስ እያለ ይወጣል፣ አሁን ጫፍ ደረሰ ሲሉት እዚያው ላይ ይሰበርና ዝም ይላል። ያ ዝምታ ነው ለቀስተኛውን የጨረሰው። ሙሾን ሲያወግዙ የኖሩት ደብተራዎች ጥምጥማቸውን ወደ ዓይናቸው ጎትተው ሲንሰቀሰቁ ልጁ አየ። ቀብሩ አልቆ ሰው ንፍሮ ሲበላ እሱ አንድ ጥግ ተቀምጦ ዜማውን በልቡ ሊመልሰው ይታገል ነበር። እስከ ስብራቱ ይመጣለታል፤ ከስብራቱ ወዲያ ያለው ይጠፋበታል። ካደገም በኋላ ጠፍቶበት ቀረ።

አዲስ አበባ ሄዶ ሙዚቃ ተማረ። በሦስተኛው ዓመት ዴኒዝ የምትባል የውጭ አገር መምህርት መጣችላቸው፤ አባቷ ቱርክ፣ እናቷ አሜሪካዊት፣ እሷም የሙዚቃ ደራሲ። አንድ ቀን የራሷን ድርሰት አሰማቻቸው። የአባቷ እናት በቱርክ ገጠር ለሙት የምታለቅሰው ዜማ አለ፤ የእናቷ ወገኖች በአሜሪካ ገጠር ቤተ ክርስቲያን የሚዘምሩት መዝሙር አለ፤ ሁለቱን አጋብታ ለቫዮሊኖች ጽፋዋለች። ምስጋናው ክፍሉ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየው አለቀሰ። «ያንተ ሰዎችስ ምን ይላሉ?» አለችው ዴኒዝ። እንግዲህ ይቺ ጥያቄ ናት ሰው ያደረገችው፤ ከሰው ተራ ያወጣችውም እሷው ናት።

ሰቆጣ ተመልሶ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ድርሰት ጻፈ። ሚስት አግባ ቢሉት «ይሄ ይለቅ» ይላል፤ ቤት ሥራ ቢሉት «ይሄ ይለቅ» ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ድርሰቱ ለአራት ቫዮሊን፣ ለሁለት ማሲንቆና ለአንድ ከበሮ ነው። ቫዮሊኖቹ የአባቱን ዜማ ይይዛሉ፤ የፈረንጁ ነጠብጣብ የማይገልጸው መጎተትና መንቀጥቀጥ ስላለ፣ ከመስመሩ በላይ የድጓውን ምልክት በቀይ እስክሪብቶ እየጨመረ ነው የጻፈው። መሐሉ ላይ ግን ሦስት ገጽ ባዶ ተወ። እዚያ የሚገባው የእናቱ ድምፅ ነው፤ ያ የጠፋበት ዜማ።

አንድ ፋሲካ ቤት ገብቶ ጠየቃት። «እማ፣ ለአባዬ ያለቀስሽውን ዜማ እስቲ በይልኝ፤ ልጽፈው ነው።»

ይታየሽ የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች። «ሰው ሳይሞት?»

«ለትምህርት እኮ ነው።»

«ሬሳ በሌለበት ሙሾ ይወርዳል? ማንን ልትገድልብኝ ነው አንተ? ራስህን ነው ወይስ ጓንጉልን? በል አማትብ!»

ጓንጉል ታናሽ ወንድሙ ነው። ትምህርቱን ትቶ እናቱ ዘንድ የቀረ፣ መሬቷን የሚያርስላት፣ ቀልድ የሚወድ ልጅ። «እንግዲያው እኔ በውሸት ልሙትና ታልቅስልህ!» ብሎ ሳቀ። ይታየሽ አመናጭቃ ዝም አሰኘችው። ምስጋናው ግን ልመናውን አልተወም፤ በየዓመቱ ይጠይቃል፣ በየዓመቱ ይባረራል። ጎረቤት ሲሞት ደግሞ ስልኩን ደረት ኪሱ ከትቶ ለቅሶ ይደርሳል። የሚቀዳው ጫጫታና የደረት ድለቃ ነው። ደግሞም እናቱ ለባዳ ስታለቅስ ያን ዜማ አታወጣውም፤ ለራሷ ሰው ብቻ የምታወጣው ኖሯል። ይሄን ሲረዳ ልቡ ምን እንዳሰበ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። እኛ አንናገርም፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በመስከረም፣ ጓንጉል እንደ መንደሩ ጎረምሳ ሁሉ ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ መተማ ቆላ ወረደ። በዚያው ወር ከዴኒዝ ደብዳቤ መጣ። የካቲት ላይ አዲስ አበባ የሙዚቃ ዝግጅት አላት፤ የተማሪዋን ድርሰት እዚያ ልታስጫውትለት ትፈልጋለች። የእናቱን ድምፅ ግን በስልክ የተቀዳ አልቀበልም ብላለች፤ ለዚህ የሚሆን ትንሽ መቅረጫ በሰው እልካለሁ፣ በታኅሣሥ ይደርስሃል ትላለች። ምስጋናው ደብዳቤውን አሥር ጊዜ አነበበው። ዘጠኝ ዓመት የለፋበት ነገር በሦስት ገጽ ባዶ ወረቀት ሊቀር ነው።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ኅዳር አሥራ ሁለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አንድ የከሳ ልጅ በሩ ላይ ተቀምጦ አገኘ። ዋሴ ይባላል፤ የጽጽቃ ልጅ ነው፣ ከጓንጉል ጋር ሲያጭድ የነበረ። ወባ ዓይኑን ቢጫ አድርጎታል። አጠገቡ የጓንጉል ቦርሳ ተቀምጧል። ምስጋናው ቦርሳውን አንስቶ አቀፈው።

«ንገረኝ» አለው።

«ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» አለ ዋሴ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «ንዳድ ያዘው። ሦስት ቀን ነው የቆየ። ኅዳር አራት አረፈ። ቄስ አላገኘንም፤ እርሻው ዳር፣ አንድ ግራር ሥር በእጄ ቀበርሁት። ለእናቱ እንግዲህ አንተ በወጉ አስነግር። እኔ ትኩሳቱ አልለቀቀኝም፣ አገሬ ልግባ።»

ምስጋናው አለቀሰ። ይሄን መካድ አይገባም፤ እስኪመሽ አለቀሰ። ወንድሙን ይወደው ነበር።

የአገሩ ወግ የታወቀ ነው። መርዶ መጀመሪያ ለወንድ ዘመድ ይነገራል። እሱ የንስሐ አባቱንና ሽማግሌዎቹን ይሰበስባል፤ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ሟቹ የሞተባት ሰው ለሥራ ሳትበተን፣ ደጇ ላይ ቆመው ያረዷታል። ለዚህ ሁለት ቀን ቢፈጅ ነው። ወጉ ግን መቆያም ይፈቅዳል፤ የታመመ እስኪያገግም፣ አራስ እስክትጠነክር፣ በዓል እስኪያልፍ መርዶ ይያዛል። ምስጋናው ይቺን ቀዳዳ ያዘ። በማግስቱ «የገብስ አጨዳ ላይ ናት፣ ትንሽ ትቆይ» አለ። ከዚያ ጾመ ነቢያት ገባ፤ «ጾም ላይ ጨጓራዋ ያማታል» አለ። ከዚያ ኅዳር ጽዮን ደረሰ፤ «በበዓል?» አለ። ከዚያ ደግሞ «ገናን ሳታይ ምን አስቸኮለኝ» አለ። ማንም አልጠየቀውም እኮ! ብቻውን ይጠይቃል፣ ብቻውን ይመልሳል። ፃግብጂ አንድ ጊዜ ሄዶ አደረ፤ እናቱ «ከወንድምህ ወሬ የለም?» ስትለው «ደህና ነው መሰል» አላት። እሷም «ተመስገን» ብላ ጠላ ቀዳችለት።

ታኅሣሥ አሥራ ስምንት መቅረጫው ደረሰ። ከክብሪት ሳጥን ትንሽ የሚበልጥ ጥቁር ነገር ነው። በዚያው ቀን ገና የሚባለው ምክንያት ከምስጋናው አፍ ጠፋ። በዓሉ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል፣ ማንም ሰው ቢሆን «እንግዲህ እስከ ገና ጠብቅ» ይል ነበር። እሱ ግን ሲነጋ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጥቶ ቄስ ይሄይስ ቤት ገባ። ቄሱ የቤቱ የንስሐ አባት ናቸው፣ መሪጌታን የቀበሩ።

«አባ፣ ጓንጉል አርፏል። ትናንት ነው የሰማሁት» አለ።

«ወይኔ ልጄን! መቼ ነው ያረፈ?»

«ታኅሣሥ ስምንት።»

እዩልኝ እንግዲህ! ውሸት ለብቻዋ አትሄድም። ትናንት ሰማሁ ካለ በኋላ የሞቱም ቀን ወደዚህ መጠጋት ነበረበት፤ አለዚያ ሰው ወሬው የት ከረመ ብሎ ይጠይቃል። ቄስ ይሄይስ ምን ይጠርጥሩ፤ በጣታቸው ቆጥረው «እንግዲያው አርባው ጥር አሥራ ሰባት ይውላል» አሉ። እውነተኛው አርባ ካለፈ ሳምንት ሊሆነው ነበር።

ታኅሣሥ ሃያ ገና ሳይነጋጋ ሰዎቹ ይታየሽ ደጅ ቆሙ። ቄስ ይሄይስ አሉ፤ ሁለት ሽማግሌዎች አሉ፤ ታናሽ እህቷ ሰርካለም አለች። ምስጋናው ከኋላ ጋቢውን ተከናንቦ ቆሟል፤ መቅረጫው ጋቢው ሥር ደረቱ ላይ ነው፣ ከቄሱ ቤት ሳይወጡ ነው የከፈተው። በሩ ተከፈተ። ይታየሽ ሰዎቹን አየች፤ አንድ በአንድ አየቻቸው። ዓይኗ ምስጋናው ላይ ሲደርስ ቆመ። ሁለት ልጅ ነው ያላት፤ አንዱ እዚህ በሕይወት ቆሟል።

«ጓንጉልን ነው» አለች። ማንም ሳይነግራት ነው።

ወደቀች። አነሷት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አደገደገች፣ ያ ዜማም መጣ። ከሆዷ ተነሳ፣ ወጣ፣ ጫፉ ላይ ተሰበረ። ሃያ ዓመት ከስብራቱ ወዲያ የጠፋበትን ምስጋናው አሁን ሰማው። ለካ ዝምታው መጨረሻ አልነበረም፤ ከዝምታው ሥር ትንፋሽ ብቻ የሆነ፣ ለጆሮ የማይበቃ ቀጭን ድምፅ አለ፤ ቀጣዩ ስንኝ ከዚያ ነው የሚነሳው። በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ የሚል ነው፦

ልጄ ሰሊጥ አጫጅ ብርቱ ሰው ነበረ፣
ምነው በሰው ማሳ እሱ ታጭዶ ቀረ።

መንደሩ በአንድ እግሩ ቆመ። ከማዶ ሳይቀር እየጮኸ የመጣ አለ። ምስጋናው ግን አላለቀሰም። እንባው አልመጣም አይደለም፣ ጉሮሮው ላይ ደርሶ ነበር፤ ሲቃዬ ድምፁን ያበላሽብኛል ብሎ ትንፋሹን ዋጠው። ሽማግሌዎቹ አይተው «የመሪጌታ ልጅ፣ እንዴት ያለ የጸና ነው!» አሉለት። ይሄንንም መቅረጫው ቀድቶታል።

ጥር አሥራ ሰባት ተዝካሩ ተደገሰ። ምስጋናው በሬ አስጣለ፣ እንግዳ አስተናገደ፣ ከቄሶቹ ጋር እስከ መጨረሻው ቆመ። ካህናቱ በሐሰት ቀን የእውነት ጸሎት አደረሱ።

የካቲት ላይ አዲስ አበባ ወረደ። አዳራሹ ሞልቷል። ቫዮሊኖቹ የአባቱን ዜማ ሲጀምሩ አንዳንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ፤ መሐል ላይ ሁሉም ዝም አሉና የይታየሽ ድምፅ ከድምፅ ማጉያው መጣ። ከስብራቱ በኋላ፣ ከዚያ ቀጭን ትንፋሽ ሥር፣ ማሲንቆዎቹ ቀስ ብለው ገቡ። እውነቱን እንናገር ካልን ድንቅ ነበር። እዚያ የነበረ ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል። ሲያልቅ አዳራሹ ተነስቶ አጨበጨበ፤ ምስጋናው ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ጎንበስ አለ።

ዴኒዝ ዓይኗ ቀልቶ አቀፈችው። «እኔ የአያቴን ድምፅ እንኳ መቅዳት አልቻልሁም» አለችው። «አይሆንም አለችኝ፣ ዜማውን ብቻ በጆሮዬ ይዤ ሄድሁ። ያንተ እናት እንዴት ፈቀደችልህ?»

«ልጇን ስለምትወድ» አላት። የትኛውን ልጇን እንደሆነ አልተናገረም።

በሳምንቱ ሰቆጣ ገብቶ፣ ሳያድር ፃግብጂ ወጣ። በልቡ ሊነግራት አስቦ ነበር፤ ስለ ሙዚቃው ማለቴ ነው፣ ስለ መርዶው አይደለም። ድምፅሽ እንዲህ ተከበረ ሊላት። በሩን ሲያልፍ መደቡ ላይ ዋሴ ተቀምጦ አገኘው። ልጁ ከበሽታው ድኖ፣ የቀበርኩትን ልጅ እናት ሳላጽናና አልቀርም ብሎ ከጽጽቃ በእግሩ መጥቷል። ወግ ያለው ልጅ ነው። ሰርካለምም አለች፣ ቄስ ይሄይስም አሉ።

ይታየሽ ምስጋናውን አላየችውም። ፊቷን ወደ ዋሴ እንዳዞረች «ልጄ፣ እስቲ ድገምልኝ» አለችው። «ለወንድሙ መቼ ነው የነገርኸው?»

ዋሴ ግራ ገባው፤ አንዴ ምስጋናውን አንዴ እሷን ያያል። «የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው እንጂ እማማ። ከመኪና እንደወረድሁ፣ ቤቴ እንኳ ሳልገባ።»

«ልጄ ያረፈስ?»

«ኅዳር አራት።»

«ቄስ ሳይፈታው የተቀበረ።»

«ቄስ አላገኘንም እማማ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ምስጋናው ቆሞ መቅረቱን ያወቀው ቦርሳው ከትከሻው ሲወድቅ ነው። «እማ፣ ላስረዳሽ...» ብሎ ጀመረ።

«ቆይ» አለችው። ጣቷን አጥፋ ቆጠረች፤ ኅዳርን ጨረሰች፣ ወደ ታኅሣሥ ተሻገረች፣ አሥራ ሦስት ላይ ቆመች። «ሰርካለም፣ ታኅሣሥ አሥራ ሦስት ምን ነበር?»

ሰርካለም አፏን በነጠላዋ ያዘች። «የልጅ ልጄ ክርስትና።»

«እልል ያልሁት እኔ ነኝ» አለች ይታየሽ። «ሕፃኑ አርባው ሞላ ብዬ። የራሴ ልጅ አርባው ሲወጣ፣ ያልተፈታ፣ ያልተለቀሰ፣ እናቱ ሰው ቤት እልል ትላለች። ሠላሳ ስምንት ቀን! ጠላ ቀድቼልህ ጠጥተሃል እኮ፤ ደህና ነው አልኸኝ።» ድምፅዋ አልጨመረም። ብትጮህ ይሻለው ነበር። «ለምን?»

ሰው እዚህ ላይ ይዋሻል፤ ምስጋናው ግን መዋሸቱ አለቀበት። ጋቢው ሥር ስለነበረው ነገር ተናገረ። ስለ ሦስቱ ባዶ ገጽ ተናገረ። ቄስ ይሄይስ መስቀላቸውን ጨብጠው «በስመ አብ!» አሉ።

«አሰማኝ» አለች ይታየሽ።

በስልኩ ከፈተው። የአዳራሹን ነው፣ ከነቫዮሊኑ። ባሏ ሲያስተምር የኖረውን ዜማ ስትሰማ ብድግ አለች፤ ተመልሳ ተቀመጠች። የራሷ ድምፅ ሲመጣ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ፣ የሌላ አልቃሽ ሥራ እንደሚመዝን ሰው አዳመጠች። ስብራቱ መጣ፣ ዝምታው መጣ፣ ማሲንቆው ገባ። ሰርካለም እያነባች ነው። መጨረሻ ላይ ያ ጭብጨባ ስልኩን ሞላው።

«ይሄ ምንድን ነው? ዝናብ ነው?»

«ሰው... ሰዉ ነው። አጨበጨበ።»

«አጨበጨበ?» አለች። አርባ ዓመት አልቅሳለች፣ ሲያጨበጭቡላት ሰምታ አታውቅም። «ደህና አልቅሻለሁ» አለች በመጨረሻ። «ሁለተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሼ አጥሯል እንጂ ደህና አልቅሻለሁ። ወንድምህንም አንተንም ነው ያለቀስሁት፣ ሳላውቅ። ይበቃል።» ከዚያ ወደ ቄሱ ዞረች። «አባ፣ አንድ አደራ አለኝ፤ ይሄ ሳይሰማ በጆሮዎ እነግርዎታለሁ።»

ምስጋናው እንዲወጣ ተደረገ። ምን እንዳለቻቸው አልሰማም። ቄስ ይሄይስ ሲወጡ ፊታቸው ጠቁሯል፤ ሊባርኩት እጃቸውን አነሱና መለሱት።

ከዚያ በኋላ ይታየሽ ሁለት ዓመት ኖረች። ሲሄድ እንጀራ ታቀርብለታለች፤ አታናግረውም። የምትለው ካለ በሰርካለም በኩል ትለዋለች። ሙሾ ማውረድም ተወች፤ የሦስት አጥቢያ ሰው እየለመናት «ድምፄ ተወስዷል» እያለች መለሰች። ምስጋናው እግሯ ላይ ወድቆ የሚታረቀው ነገር መስሎት ሽማግሌ ላከ፤ ሽማግሌዎቹ በልተው ጠጥተው ተመለሱ። እያደር መሄዱን አሳነሰ። በገበያ ቀን ከፃግብጂ የሚመጡትን ሰዎች ፈልጎ እናቴ እንዴት ናት ይላቸዋል፤ «ደህና ናት» ይሉታል። ስኳርና ሳሙና፣ አንዳንድ ጊዜ ሻማ፣ ለእሷ ይልካል፤ ይቀበሉታል። ድርሰት አልጻፈም። ዴኒዝ ሁለት ጊዜ ጻፈችለት፣ አልመለሰላትም።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ ዝናቡ ሲያካፋ ያደረ ጠዋት፣ ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከፈተ። ቄስ ይሄይስ ቆመዋል። ሁለት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ሰርካለም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከኋላ ቆማለች። ሁሉም ከእግር እስከ ጉልበት ጭቃ ናቸው።

የቀረችው አንድ ሰው ብቻ ናት። ስለዚህ ማንን ነው ብሎ አልጠየቀም።

«መቼ?» አለ።

ቄስ ይሄይስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በግንቦት መጨረሻ። አርባዋን ትናንት አወጣን።»

መጀመሪያ አልገባውም። ቀጥሎ ገባው። ሰኔን ሙሉ፣ በየገበያው ቀን፣ «እናቴ እንዴት ናት?» ሲል፣ እነዚያ ሰዎች ዓይኑን እያዩ «ደህና ናት» ሲሉት ነው የከረሙት። አገር ሙሉ፣ ባለ ሱቁ፣ ሚኒባስ ነጂው፣ ከአንድ ሰው አፍ እንኳ ሳያፈተልክ። የላከውን ስኳርም ተቀብለውታል፤ ሻማውን ለተዝካሯ አብርተውታል።

«የእሷ ቃል ነው ልጄ» አሉ ቄሱ። «ያን ቀን ነው ያሰረችኝ። ‹እኔ ስሞት አርባዬ ሳይወጣ እንዳይሰማ፤ ሲለቀስልኝ እንዳይኖር› አለችኝ። ለመንኋት፤ እንቢ አለች። ገዝቼዎታለሁ ብትለኝ ምን ላድርግ?»

ምስጋናው መድረኩ ላይ ተቀመጠ። ለእናት ምን ተብሎ እንደሚለቀስ አያውቅም። ሰው ሲያለቅስ ሰምቶ ይጽፋል እንጂ ራሱ ሙሾ አውርዶ አያውቅም። ቀና ብሎ ሰርካለምን አያት።

«አክስቴ፣ እሺ ምን ብላችሁ አለቀሳችኋት? ዜማዋን አወጣሽው? አንዲት ስንኝ ብቻ ንገሪኝ።»

ሰርካለም እንባዋን ጠረገች። ጎንበስ ብላ ግንባሩን ሳመችው፣ በእውነት አዝናለት ነው።

«ያላልናት የለም» አለችው። «ለአንተ ግን አልነግርህም። በል ተነስ፣ ፊትህን ታጠብ፤ ጎረቤት ሰምቶ ሊመጣ ነው።»